ከወደብ ሳይወጣ የተሰበረው መርከብ

የዘይት ጫኙ «ስኬነክታዲ» ታሪክ

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነገር ብዙ ሰው የሚያስታውሰው መድፍ የተሸከሙትን የጦር መርከቦች፣ ቦምብ የሚጥሉትን አውሮፕላኖችና በምድር የሚሽከረከሩትን ታንኮች ነው። ነገር ግን መርከቡም፣ አውሮፕላኑም፣ ታንኩም ነዳጅ ካላገኘ ከቆመበት አይነቃነቅም። ያንን ነዳጅ ውቅያኖስ አሻግረው ያደርሱ የነበሩት ዘይት ጫኝ መርከቦች ግን በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ስማቸው እምብዛም አይገኝም።

እኛም ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የሚሆን የታሪክ ጽሑፍ ለማዘጋጀት ስንነሣ፣ ከእነዚህ መርከቦች መካከል የአንዱን ታሪክ መረጥን። ይህ መርከብ ጠላት ያልተኰሰበት፣ ማዕበል ያላናወጠው፣ ነገር ግን በጸጥተኛ ወንዝ ላይ እንደ ታሰረ በድንገት የተሰበረ ነው። የመረጥነውም ስለ መሰበሩ ብቻ አይደለም፤ ከተሰበረ በኋላ ሰዎች «ለምን ተሰበረ?» ብለው በመጠየቃቸው የተገኘው እውቀት ለብዙ መርከቦችና ለብዙ ሰዎች ሕይወት መትረፊያ ስለ ሆነ ነው። አንባብያን እንዳይሳሳቱ፣ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ በስም ካልተለዩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

መርከቡ ስለ ምን ተሠራ

አሜሪካ በዲሴምበር 1941 ወደ ጦርነቱ ከገባች በኋላ፣ በ1942 መጀመሪያ የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች እስከ አሜሪካ የምሥራቅ ጠረፍ ድረስ እየመጡ መርከቦችን ማስጠም ጀመሩ። ከሁሉ ይልቅ አጥብቀው የሚፈልጉት ዘይት ጫኞቹን ነበረ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በዚያን ጊዜ የነዳጅ ጕድጓድ ከሚበዛበት ከቴክሳስ ወደ ኒውዮርክና ወደ ሌሎቹ የምሥራቅ ከተሞች አብዛኛው ዘይት የሚሄደው በባሕር ነበረ፤ ከዚያም አልፎ ወደ እንግሊዝ አገር ይሻገር ነበረ። አንድ ዘይት ጫኝ በሰጠመ ቍጥር በጦር ሜዳ ያለው ሠራዊትም፣ በአገር ቤት ያለው ፋብሪካም ይጐዳ ነበረ።

ስለዚህ የአሜሪካ መንግሥት ጠላት ከሚያሰጥመው ይልቅ የሚሠራው እንዲበልጥ ቈርጦ ተነሣ። ለጭነት መርከቦች «ሊበርቲ» የተባለው ዓይነት፣ ለዘይት ጫኞች ደግሞ «ቲ-2» የተባለው ዓይነት ተመረጠ። ሁሉም በአንድ ንድፍ የሚሠሩ ስለ ነበሩ፣ ክፍሎቹ በየቦታው ተዘጋጅተው እየመጡ በአንድ ስፍራ ይገጣጠሙ ነበረ። ጦርነቱ እስኪያልቅ ድረስ ከ2,700 በላይ ሊበርቲ መርከቦች ተሠሩ፤ ከቲ-2 ዘይት ጫኞችም ዋነኛው ዓይነት ብቻ 481 ደረሰ።

የቲ-2 ዘይት ጫኝ ርዝመቱ 160 ሜትር ያህል፣ ወርዱም 21 ሜትር ያህል ነበረ። በአንድ ጊዜ የሚጭነው ዘይት 141,000 በርሜል ገደማ፣ ማለት ከ22 ሚሊዮን ሊትር በላይ ነው። ይህን መጠን ለመገመት እንዲያመች፣ በመንገዳችን ላይ የምናየው ባለ ተሳቢ ቦቴ 45,000 ሊትር ይይዛል ብንል፣ የአንዱን መርከብ ጭነት ለመቀበል 500 ያህል ቦቴዎች ይሰለፋሉ ማለት ነው። የሞተሩም አሠራር የሚያስገርም ነበረ። እንፋሎቱ ተርባይኑን ያዞራል፤ ተርባይኑ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ኤሌክትሪኩም 6,000 የፈረስ ጕልበት ያለውን ሞተር እያዞረ መርከቡን በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬደዋል። በዚህ መንገድ የተሠራበት ምክንያት፣ ለሌላው ዓይነት አሠራር የሚያስፈልጉትን ትላልቅ ጥርስ ያላቸው መዘውሮች የሚቀርጹ ፋብሪካዎች በጦርነቱ ሥራ ተጨናንቀው ስለ ነበሩ ነው።

አሠሪውና ሠራተኞቹ

«ስኬነክታዲ» የተሠራው በአሜሪካ ምዕራብ ጫፍ፣ በኦሪጎን ግዛት፣ በፖርትላንድ ከተማ፣ ስዋን አይላንድ በሚባል ስፍራ ነው። ይህ ስፍራ በዊላሜት ወንዝ ዳር የሚገኝ ሲሆን፣ ቀድሞ የከተማው አውሮፕላን ማረፊያ ነበረ። በ1942 የመርከብ መሥሪያ የሆነው በሄንሪ ካይዘር ድርጅት እጅ ነው። ካይዘር ከጦርነቱ በፊት የሚታወቀው መንገድና ታላላቅ ግድቦችን በመሥራት እንጂ በመርከብ ሥራ አልነበረም። ነገር ግን ግድብ ሲሠራ የተማረውን ሥራን የመከፋፈልና የማቀላጠፍ ዘዴ ወደ መርከብ ሥራ አመጣው። በኖቬምበር 1942 በካሊፎርኒያ ያለው የካይዘር መሥሪያ ስፍራ «ሮበርት ፒሪ» የተባለውን ሊበርቲ መርከብ ከአምስት ቀን ባነሰ ጊዜ ሠርቶ ወደ ውኃ በማውረዱ ዓለምን አስደነቀ።

እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠሩት እነማን ነበሩ? ወንዶቹ በብዛት ወደ ጦር ሜዳ ስለ ሄዱ፣ ከእርሻ፣ ከሱቅና ከቤት የመጡ፣ መርከብ ሠርተው የማያውቁ ሰዎች ነበሩ። ከእነዚህም ውስጥ ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። በአጭር ጊዜ ብየዳ ተምረው፣ ዐይናቸውን በጥቁር መስተዋት ሸፍነው ቀንና ሌሊት በፈረቃ ይሠሩ ነበረ። በ1943 መጨረሻ በስዋን አይላንድ የመሥሪያው ስፍራ በር አጠገብ ለሠራተኞቹ ልጆች የሕፃናት መዋያ እስከ መከፈት ተደረሰ፤ የሌሊት ፈረቃ ያላቸው እናቶችም ልጆቻቸውን ለዚሁ ቤት እየሰጡ ወደ ሥራ ይገቡ ነበረ።

ሥራውን ያፋጠነው ዋናው ነገር ብየዳ ነው። ከዚያ በፊት የመርከብ ላሜራዎች የሚያያዙት ሪቬት በሚባል፣ ራሱ እየጋለ በመዶሻ በሚደፈጠጥ የብረት ችንካር ነበረ። ለአንድ መርከብ በብዙ መቶ ሺህ የሚቈጠር ችንካር ያስፈልግ ነበር፤ ሥራውም ጊዜና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። በብየዳ ግን ላሜራው ከላሜራ ጋር ቀልጦ አንድ ይሆናል። ብረትም ይቈጠባል፤ መርከቡም ይቀላል።

«ስኬነክታዲ» የስዋን አይላንድ የመጀመሪያው ዘይት ጫኝ ነበረ። ስሙ በኒውዮርክ ግዛት ያለ ከተማ ስም ነው። ሥራው ጁላይ 1 ቀን 1942 ተጀመረ፤ ኦክቶበር 24 ቀን፣ ማለት በ115 ቀን ውስጥ፣ ወደ ውኃ ወረደ፤ በዲሴምበር 31 ቀን ሥራው ተፈጸመ። ከስድስት ወር በፊት ላሜራ ብቻ የነበረው፣ በዓመቱ መጨረሻ ባሕር ለመሻገር የተዘጋጀ መርከብ ሆነ።

ጥር 8 ቀን የሆነው ነገር

መርከቡ በባሕር ላይ ተፈትኖ ከተመለሰ በኋላ በስዋን አይላንድ ወደብ ታሰረ። ቀኑ ጃንዋሪ 16 ቀን 1943፣ በእኛ አቈጣጠር ጥር 8 ቀን 1935 ዓ. ም. ነበረ። ወንዙ ጸጥ ያለ ነው፤ ማዕበል የለም። አየሩ ግን ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ ያህል ቀዝቅዞ ነበር፤ የወንዙ ውኃ 4 ዲግሪ ያህል ነበረ።

በዚህ ጸጥታ መካከል ከአንድ ማይል በላይ የተሰማ ታላቅ ድምፅ ተሰማ። መርከቡ ከመካከለኛው የካፒቴን ቤት ጥቂት ወደ ኋላ ሲል ከላይኛው ወለል ጀምሮ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ በግራና በቀኝ ጐን ወርዶ እስከ ታች ደረሰ፤ የታችኛው ወለል ላሜራ ብቻ ሳይበጠስ ቀረ። የመርከቡ መካከል ታጥፎ ከውኃ በላይ ተነሣ፤ የፊቱና የኋላው ጫፍ ግን ወርደው በወንዙ ወለል ላይ አረፉ። በጕልበት ላይ ተደርጎ የተሰበረ እንጨት ቅርፊቱ ብቻ እንደሚይዘው መሆኑ ነው። ተሠርቶ ከተፈጸመ ገና 16 ቀኑ ነበረ።

ሰውን እጅግ ያስደነቀው፣ በዚያች ሰዓት በመርከቡ ላይ ያረፈው ኀይል ብረቱ ሊሸከመው ይገባ ከነበረው በጣም ያነሰ መሆኑ ነው። መሐንዲሶች በሒሳብ ቢመረምሩት መርከቡ ሊሰበር አይገባም ነበረ። ነገር ግን ተሰብሮ በዐይናቸው ፊት ነበረ።

ጥፋቱ የማን ነው?

አደጋ ሲደርስ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን አጠፋ?» ብሎ ነው። ቶሎ የተገኘው መልስ «በያጆቹ» የሚል ነበረ። ሠራተኞቹ አዲስ ናቸው፤ ሥራው በጥድፊያ ነው፤ ብየዳውም ለመርከብ ሥራ ገና በደንብ ያልተለመደ ነው፤ ስለዚህ የብየዳው ጕድለት ነው ተባለ። እኛም «የቸኰለ አፍሶ ለቀመ» እያልን ስላደግን ይህን መልስ ለመቀበል አንቸገርም። በእርግጥም በብየዳው ውስጥ ጕድለት ተገኝቶ ነበር። ነገር ግን ይህ መልስ ሙሉውን እውነት አልያዘም፤ ብየዳው ጕድለት ኖሮት ሳይሰበር የኖረ መርከብ ብዙ ነበረና።

በማርች 1943 የአሜሪካ ሴኔት መርማሪ ኮሚቴ ነገሩን ተመለከተው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሃሪ ትሩማን ነበሩ። በዚህ ምርመራ፣ ላሜራ በሚሠራ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የብረቱ የጥንካሬ ፈተና ውጤት በሐሰት ይመዘገብ እንደ ነበረ ተገለጠ። መስፈርቱን ያላሟላው ብረት መስፈርቱን እንዳሟላ ሆኖ ይጻፍ ነበር። የፈተና ውጤት ምን እንደ ሆነ ለምናውቅ ለእኛ ለተማሪዎች ይህ ነገር እጅግ የሚያሳዝን ነው። በክፍል ውስጥ የተጭበረበረ ውጤት የሚጐዳው ባለቤቱን ነው ይባል ይሆናል፤ በመርከብ ላሜራ ላይ የተጭበረበረ ውጤት የሚጐዳው ግን በመርከቡ ላይ ተሳፍሮ ወደ ክረምት ባሕር የሚወጣውን መርከበኛ ነው።

በዚያው በማርች ወር መጨረሻ «ኤሶ ማንሃተን» የተባለ ሌላ ቲ-2 ዘይት ጫኝ በኒውዮርክ ወደብ መግቢያ ላይ ለሁለት ተሰበረ። ስለዚህ ነገሩ የአንድ መርከብ፣ የአንድ መሥሪያ ስፍራ ወይም የአንድ ሠራተኛ ጥፋት ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ሆነ። በ1943 ጸደይ በብየዳ የተሠሩትን መርከቦች ሁሉ የሚመረምር ቦርድ ተቋቋመ። ይህ ቦርድ ሥራውን በ1946 ሲፈጽም፣ ከመረመራቸው 4,694 መርከቦች መካከል 970 በሚያህሉት ላይ ስንጥቅ መታየቱን ገለጠ። አብዛኛው ስንጥቅ ትንሽ ነበረ፤ ጥቂቶቹ መርከቦች ግን ለሁለት ተሰብረዋል፤ የሰውም ሕይወት ጠፍቷል።

የተገኘው መልስ

በዚሁ ጊዜ በእንግሊዝ አገር፣ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮንስታንስ ቲፐር የተባሉ የብረት ጥናት ሊቅ ይህንኑ ጥያቄ ይመረምሩ ነበር። በዚያ ዘመን በኢንጂነሪንግ ትምህርት ክፍል ሴት መምህር ማግኘት ብርቅ ነበረ። እኚህ ሴት ከተሰበሩት መርከቦች የተቈረጠውን ላሜራ እየመረመሩ፣ ዋናው ምክንያት የብየዳው ጥበብ ራሱ ሳይሆን የብረቱ ጠባይ መሆኑን አስረዱ። ይኸውም ሙቀት ባለበት ጊዜ ተለጥጦና ታጥፎ ኀይልን የሚችለው ብረት፣ ቅዝቃዜው ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ጠባዩን ለውጦ እንደ ሸክላ ተሰባሪ ይሆናል። በሙቀት ቀን ሳይጐዳ የዋለ ላሜራ፣ በውርጭ ሌሊት እንደ ገል ይሰነጠቃል።

ከምርመራው ሁሉ የተገኘውን በአጭሩ ብናስቀምጠው ሦስት ነገሮች ናቸው።

አንደኛ፣ የስንጥቅ መነሻ ነው። የመርከቡ ወለል ለጭነት መግቢያና ለሌላም ነገር በሚከፈትበት ስፍራ ማዕዘኑ ሹል ሆኖ ከተቈረጠ፣ በወለሉ ላይ የተበተነው ኀይል በዚያች ማዕዘን ላይ ይከማቻል። በብየዳ ውስጥ የቀረ ትንሽ ክፍተትም ይህንኑ ያደርጋል።

ሁለተኛ፣ ብረቱ ነው። የዚያን ዘመን ላሜራ ከዛሬው ይልቅ ካርቦንና ድኝ የበዛበት ስለ ነበረ በቅዝቃዜ ቶሎ ይሰበር ነበር። ፋብሪካዎች እንዲፈትኑት ሕግ ያዘዛቸውም ላሜራው ሲሳብ ምን ያህል እንደሚችል ብቻ ነበረ፤ በቅዝቃዜ ሲመታ ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ ፈተና አልነበረም። ስለዚህ ፈተናውን በሐቅ ያለፈው ብረት እንኳ ያልተጠየቀበት ድካም ነበረበት።

ሦስተኛ፣ የመርከቡ አንድ ወጥ መሆን ነው። ይህን በልብስ መስለን ብናስረዳ ይቀላል። ከብዙ ቍራጭ የተሰፋ ልብስ ቢቀደድ ቀዳዳው ስፌቱ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ አንድ ወጥ የሆነ ሸማ ግን አንዴ መቀደድ ከጀመረ እስከ ጫፉ ይተረተራል። በችንካር የተያያዘው የቀድሞው መርከብ እንደ ተሰፋው ልብስ ነበረ፤ ስንጥቁ ከአንዱ ላሜራ ወደ ሌላው አይሻገርም። በብየዳ አንድ የሆነው መርከብ ግን ስንጥቁን የሚያቆምለት ስፌት አልነበረውም።

መልሱ ከተገኘ በኋላ እርምቱ ተከተለ። ሹል ማዕዘኖች ክብ ሆነው ተሠሩ፤ በመርከቦቹ ወለልና ጐን ላይ ስንጥቅ እንዲያቆም ተብሎ በችንካር የሚያያዝ መቀነት ተጨመረ፤ ከጦርነቱም በኋላ የመርከብ ብረት ደንብ ተሻሻለ። ብረትን በቅዝቃዜ በመዶሻ እየመቱ መፈተንም እየተለመደ ሄደ። ብየዳውን ግን ማንም አልተወውም፤ ዛሬም ታላላቅ መርከቦች ሁሉ የሚሠሩት በብየዳ ነው። እነዚያ በጥድፊያ ተምረው የሠሩት ወንዶችና ሴቶች የያዙት ጥበብ ትክክለኛው መንገድ እንደ ነበረ ጊዜ መሰከረላቸው።

ሳይታረም የቀረ ስንጥቅ

ነገር ግን እውቀት መገኘቱ ብቻ አይበቃም፤ የተገኘውን በሥራ ላይ ማዋል ያስፈልጋል። ለዚህ ምስክር የሚሆነው በ1944 በዚያው በስዋን አይላንድ የተሠራው የ«ስኬነክታዲ» ወንድም «ፔንድልተን» ነው። ይህ መርከብ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1952 ወደ ቦስተን ሲሄድ በኬፕ ኮድ አጠገብ በብርቱ ማዕበል ለሁለት ተሰበረ። በዚያው ቀን፣ ከዚያው ብዙ ሳይርቅ፣ «ፎርት መርሰር» የተባለ ሌላ ቲ-2 ደግሞ ተሰበረ።

በ«ፔንድልተን» ላይ 41 ሰዎች ነበሩ። ካፒቴኑና ሌሎች ሰባት ሰዎች በፊተኛው ክፍል ሳሉ ጠፉ። በኋላው ክፍል የቀሩትን 33 ሰዎች ለማዳን በርናርድ ዌበር የተባለ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር 36 ጫማ ርዝመት ባላት የእንጨት ጀልባ በሌሊት ወጣ። ከ33ቱ 32ቱን አዳኑ፤ ለአራቱም የወርቅ ሕይወት አዳኝ ሜዳይ ተሰጣቸው። ኋላ በተደረገው ምርመራ፣ ከአደጋው አንድ ዓመት በፊት በመርከቡ ውስጥ ስንጥቅ ታይቶ ሳይጠገን መቅረቱ ተገለጠ። እንግዲህ የአራቱን ሰዎች ጀግንነት እያደነቅን፣ ያ ስንጥቅ በጊዜው ቢጠገን ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበረ ሳናስብ አናልፍም።

የ«ስኬነክታዲ» መጨረሻ

«ስኬነክታዲ»ን ግን ተሰበረ ብለው አልጣሉትም። የተጐዳው ክፍል ተቈርጦ በአዲስ ላሜራ ተተክቶ፣ በኤፕሪል 1943፣ ማለት በሦስት ወር ውስጥ፣ መርከቡ ወደ ሥራ ገባ። ጦርነቱ እስኪያበቃም ዘይት ሲያመላልስ ቈየ። በ1948 በትሪየስቴ ከተማ ለሚገኝ የመርከብ ድርጅት ተሸጦ «ዲዮዳቶ ትሪፕኮቪች» ተባለ። በ1962 በኢጣሊያ በጄኖቫ ከተማ ብረቱ ተፈቶ እስኪሸጥ ድረስ፣ ገና በተወለደ በ16 ቀኑ የተሰበረው መርከብ 19 ዓመት ያህል አገለገለ።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? እኛ እንደ መሰለን፣ አንድ ነገር ሲበላሽ ሁለት ዓይነት ጥያቄ አለ። አንደኛው «ማን አጠፋ?» የሚለው ነው፤ መልሱ ቶሎ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜም የሚያርፈው አቅም በሌለው ሠራተኛ ላይ ነው። ሁለተኛው «ለምን ሆነ?» የሚለው ነው፤ መልሱ ትዕግሥት፣ ሐቀኛ መዝገብና ዓመታት የሚፈጅ ምርመራ ይፈልጋል። «ስኬነክታዲ» በተሰበረ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ጥቂት በያጆች ከሥራ ይባረሩ፣ መርከቦቹም በየባሕሩ መሰበራቸውን ይቀጥሉ ነበር።

ትምህርት ቤታችንም በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ያስተማረን ይህንኑ ሁለተኛውን ጥያቄ መጠየቅ ነው። ከእኛ መካከል ነገ ድልድይ የሚሠራ፣ ብረት የሚያቀልጥ፣ የፈተና መዝገብ የሚይዝ፣ ሕሙማንን የሚያክም ይወጣል። እያንዳንዳችን በምንሠራው ነገር ላይ ሌላ ሰው ተማምኖ ይሳፈርበታል። ስለዚህ ትንሿን ስንጥቅ በወደብ ሳለን አይተን እንድናርማት፣ በመዝገባችንም ላይ ያየነውን እውነት ብቻ እንድንጽፍ እንመኛለን።